የምንፈራውና የማንፈራው ክኒን

ለአጥቢ እናት «መድኃኒቱን እስክትጨርሺ አታጥቢ» እንደ ማለት የሚቀል ምክር የለም። ሐኪም ይለዋል፤ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ይለዋል፤ አማት ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ ትለዋለች። ተናጋሪውን ምንም አያስከፍለውም። ሒሳቡ የሚወራረደው እናቲቱ ቤት ነው። ጡት ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል፤ ውድ የጣሳ ወተት ይገዛል፤ ጡጦ የሚታጠብበት ውኃም ንጹሕ መሆኑ ያጠራጥራል። ሕፃኑ ጡጦ ከለመደ በኋላ ጡት እምቢ ሊል ይችላል። ለ7 ቀን የታዘዘ አሞክሳሲሊን፣ እስከ ሁለት ዓመት ሊዘልቅ የታሰበን ጡት ያስጥላል ማለት ነው።

አሞክሳሲሊን ግን ይህ ሁሉ የሚደረግለት መድኃኒት አይደለም። ለሕፃናቱ ለራሳቸው በሽሮፕ የሚታዘዝ ነው፤ በወተት የሚያልፈው ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ለአጥቢ እናት የሚመረጡ ማስታገሻዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ መሠረታዊ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ፈትሸው አብዛኞቹ ከማጥባት ጋር እንደሚሄዱ አስቀምጠዋል። ማጥባት የሚያስቆሙት እንደ ካንሰር መድኃኒትና ጨረር አመንጪ አዮዲን ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያም አለ። ሕፃኑ በወተት የሚደርሰው መጠን፣ በክብደቱ ተሰልቶ፣ እናቱ ከምትወስደው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ «ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናቶች» የምትለው፣ በየመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የምትታተመው ሐረግ ናት። ሁለቱን ሴቶች እንደ አንድ ሰው ትቆጥራቸዋለች። ነገር ግን በእትብት የሚያልፈውና በጡት የሚያልፈው አንድ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም ሆነ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳሉ፤ ከወሊድ በኋላ ግን ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይታዘዛሉ። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው አምራች ራሱን ከክስ መጠበቅ ስለሚፈልግ «አይመከርም» ብሎ ያልፋል። እኛ ደግሞ ያንን እንደ ሕክምና ፍርድ እናነበዋለን።

ፍርሃቱ በተቃራኒው ሲሠራም ጉዳት አለው። የሚጥል በሽታ ያለባት እናት «ለልጄ ብዬ» ክኒኗን በድንገት ብታቆም፣ ሕፃኑን ታቅፋ ሳለች ሊጥላት ይችላል። የምትወስደው በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው ፌኖባርቢታል ከሆነ፣ ሕፃኑ ከልክ በላይ እንዳያንቀላፋ እየተከታተሉ ማጥባቱን መቀጠል ይቻላል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች ታጠባለች፤ ቫይረሱ ወደ ልጇ እንዳይተላለፍ የሚያደርገውም ያው መድኃኒት ነው። ለእነዚህ እናቶች አደጋው ያለው መድኃኒቱን በማቋረጥ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ማንም የማይፈራቸው ክኒኖች አሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን ክኒን ሕፃኑን ባይጎዳም ወተት ያደርቃል። በአንድ አነስተኛ ጥናት አንድ ባለ 60 ሚሊግራም ክኒን የቀኑን ወተት በ24 በመቶ ቀንሶታል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ትራማዶል ነው። ለቁርጥማቱም ለወገብ ሕመሙም እንደ ዋዛ የሚዋጥ ማስታገሻ ሆኗል። ጉበታችን ውስጥ ትራማዶልንና ኮዴይንን ወደ ጠንካራ መልካቸው የሚቀይር ኤንዛይም አለ። ኮዴይን በእሱ በኩል ሲያልፍ ሞርፊን ይሆናል። ይህን ኤንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ ክኒኑ ከታሰበው በላይ ይበረታባቸዋል፤ ወደ ወተቱም ያንኑ ያህል ይሻገራል። ሕፃኑ ከእንቅልፉ መንቃት ያቅተዋል፤ ለመጥባት ይደክማል፤ ትንፋሹም ሊዳከም ይችላል።

ነገሩ ለእኛ የቅርብ ጉዳይ ነው። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የተደራረበ ዘረ መል ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2017 እ.ኤ.አ. አጥቢ እናቶች ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ሌላ አገር «ለጥቂቶች ብቻ የሚያሰጋ» የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሲደርስ ጥቂት አይሆንም። እኛ ግን አሞክሳሲሊን ሲታዘዝ ጡት እናስጥላለን፤ ትራማዶል ሲሸጥ «ታጠቢያለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

መድኃኒት ቤቶቻችን ይህን ጥያቄ የሽያጩ መጀመሪያ ሊያደርጉት ይገባል። መልሱ «አዎ» ሲሆንም «እንግዲያው አቁሚ» ከማለት በፊት የሚጠየቅ አለ። ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው? ያለ ጊዜው ተወልዶ ይሆን? የአንድ ሳምንት ጨቅላ ጉበትና ኩላሊት ገና ስላልጠነከረ፣ ለስምንት ወር ሕፃን የማያሰጋው መድኃኒት ለእሱ ሊያሰጋ ይችላል። ብዙ ጊዜ ለዚያው በሽታ የሚሆን ሌላ መድኃኒት ይገኛል። ካልተገኘና ማጥባቱ የግድ ለቀናት መቋረጥ ካለበት፣ ወተቷ እንዳይደርቅ እያለበች እንድትደፋና መቼ እንደምትመለስ ቁርጥ ያለ ቀን ሊነገራት ይገባል።

እናቶችም ከባንኮኒው ከመራቃቸው በፊት «የትኛው መድኃኒት ነው? ለምን? እስከ መቼ?» ይበሉ። ለሦስቱም መልስ የሌለው ባለሙያ «አቁሚ» ቢል ምክሩን ገና አልጨረሰም። መድኃኒቱንም ጡቱንም ሳታቋርጥ ሌላ ባለሙያ ትጠይቅ።