ሙያው ድንበር ሲሻገር

በወላይታ ሶዶ በብየዳ ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ወጣት ውጭ አገር ልምድ ልቅሰም ቢል፣ ምስክር ወረቀቱን ማን ይቀበለዋል?

ጀርመን በ2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ የሙያ ምሩቃን በሯን ሰፋ አድርጋ ከፍታለች። እዚያው መሠልጠን የሚፈልግም ከድርጅት ጋር ውል ተፈራርሞ፣ ከፊሉን ጊዜ በሙያ ትምህርት ቤት ከፊሉን በወርክሾፕ ያሳልፋል፤ እየተማረም ክፍያ ያገኛል። በአብዛኛው ግን ቢ1 ደረጃ የደረሰ ጀርመንኛ ይጠየቃል። የቋንቋ ትምህርቱ ክልል ኮሌጆች ድረስ ካልዘለቀ ዕድሉ ለአዲስ አበባ ልጆች ብቻ ይሆናል። ይህ ያሳስበናል።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ አዟል። ደግ አድርጓል። ሆኖም ተቀባዩ አገር ካላወቀው ወረቀቱ ቦሌን ሲሻገር ዋጋ ያጣል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከተቀባይ አገሮች ጋር ሲደራደር የምስክር ወረቀት እውቅናን ከደመወዝ እኩል ያንሳ። በቤሩት ወይም በሪያድ አረጋዊ መንከባከብን በሥራ የተማረች እህታችንም ስትመለስ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና ተመዝና ማረጋገጫዋን ትውሰድ።