ለሴዞን ቢራ ውኃውን አታራቁቱት

ብራስልስ ውስጥ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ወዳጆቼ ሴዞን ሊሞክር ለተነሣ ሰው ሁሉ የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት ነው። «የቧንቧውን ውኃ ተወው፤ ጠንካራ ነው። ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለትን ውኃ ገዝተህ ከባዶ ጀምር» ይሉታል። ቼኮች ፕልዘን ከተማ ውስጥ ከ1842 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠምቁትን ዓይነት ቢራ ለሚወድ ሰው ምክሩ መልካም ነው፤ የፕልዘን ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራም ካልሲየም እንኳ ለመያዝ የሚቸገር ልስልስ ውኃ ነውና። ለሴዞን ግን ምክሩ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። በየሳምንቱ በፕላስቲክ ጋሎን ውኃ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ሰዎችን ሳይ፣ ከራሳቸው ቧንቧ የሚወርደውን ሀብት ትተው መሆኑ ያንገበግበኛል።

ሴዞን የደቡብ ቤልጂየም፣ የኤኖ ክፍለ ሀገር የገበሬ ቢራ ነው። በብርዱ ወራት ይጠመቅና በሙቀቱ ወራት ለእርሻ ሠራተኛ ይቀርብ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሴዞን ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ቱርፕ በምትባል መንደር የሚጠመቀው፣ 6.5 በመቶ አልኮል ያለው የዱፖን ቢራ ነው። መጥመቂያው ያለበት እርሻ ቢራ መጥመቅ የጀመረው በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። በ1920 አልፍሬድ ዱፖን ገዛው፤ የገዛውም ልጁ ሉዊ ካናዳ ሄዶ እርሻ ሊይዝ መነሣቱን ሰምቶ፣ እዚሁ አገሩ እንዲቀር ነው። እኔ ራሴ ከአገሬ የወጣሁ ሰው ነኝና ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ቱርፕ ላይ ውኃው ከራሳቸው ጉድጓድ ይቀዳል፤ ጠንካራ ውኃም ነው።

ጠንካራ የሆነበት ምክንያት ከመሬቱ ነው። ከቱርፕ ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲሄዱ ቱርኔ ከተማ አለች። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የቱርኔ ካቴድራል የተገነባው ከዚያው ተፈልፍሎ በወጣ ድንጋይ ነው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የተተከሉት ድንጋዩን ተከትለው ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው፤ የማንቆርቆሪያችን ሆድ በነጭ ቅርፊት የሚለበጠውም፣ ሳሙና አረፋ ለመስጠት የሚለግመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲሚንቶ የሚመረትበት አገር ውኃው ምን እንደሚመስል የድሬ ልጅ ሳይነገረው ያውቃል።

ነገር ግን «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ደባልቆ ይይዛል፤ የወዳጆቼ ምክር የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጠንካራነትን የሚሰጡት ካልሲየምና ማግኒዥየም ናቸው። እነርሱ ግን ብቻቸውን አይመጡም። የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የመጣ ውኃ ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ ጀሶ ባለበት መሬት ያለፈ ደግሞ ሰልፌት። ሴዞንን የሚያበላሸው ባይካርቦኔቱ ነው። ካልሲየሙ ወዳጅ ነው፤ ሰልፌቱም እንዲሁ።

ምክንያቱ ድፍድፉ ውስጥ ይታያል። የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች በደንብ የሚሠሩት ፒኤቹ ከ5.2 እስከ 5.5 ባለው መካከል ሲሆን ነው። ፒኤች የሚባለውን የአሲድነት መለኪያ ራሱን በ1909 ለዓለም ያበረከተው ሶረንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የቢራ ሰዎች ለዚህ ቁጥር መጨነቃቸው ቆየት ያለ ነገር ነው። ካልሲየም ከብቅሉ ፎስፌት ጋር ሲገናኝ አሲድ ያስወጣል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ባይካርቦኔት ያን አሲድ እየበላ ወደ ላይ ይገፋዋል። ደብሊን ላይ ጠማቂዎች ባይካርቦኔት የበዛበትን ውኃቸውን የቻሉት ጥቁር ቢራ ስለሚጠምቁ ነው፤ የተቆላ ብቅል የራሱን አሲድ ይዞ ይመጣል። የሴዞን ብቅል ግን ነጣ ያለ ነው፣ የሚረዳ አሲድ የለውም። ፒኤቹ ከፍ ካለ ከገብሱ ገለባ የሚያንቅ ታኒን ይወጣል፤ ስኳሩም በሚገባ ስለማይከፋፈል ቢራው ወፍራምና ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ስኳሩ ከሞላ ጎደል ያለቀለት፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ ላይ የማይጣበቅ መሆኑ ደግሞ የሴዞን ማንነት ነው።

የእኛ ጠላ ይህ ጭንቀት ብዙም የለበትም። ጥንስሱና ድፍድፉ ቀናት እየቆዩ ራሳቸው ስለሚኮመጥጡ ባይካርቦኔቱን የሚበላ አሲድ በራሱ ጊዜ ይደርስለታል። የቢራ ብቅል ግን የሚዘፈዘፈው ለአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ፒኤቹ ካልተስተካከለ ኋላ የሚደርስለት የለም።

ጀርመናዊው ፓውል ኮልባህ በ1953 የካልሲየሙንና የባይካርቦኔቱን ትግል በአንድ ቀላል ስሌት አስቀመጠው። የውኃውን አልካላይነት፣ ማለትም አሲድ የመብላት አቅሙን፣ ትወስዳለህ፤ ከእሱ ላይ የካልሲየሙን ጠንካራነት ለ3.5፣ የማግኒዥየሙን ለ7 አካፍለህ ትቀንሳለህ፤ ሁሉም የሚለካው በካልሲየም ካርቦኔት ነው። የሚተርፈው ቁጥር ድፍድፉን ወዴት እንደሚገፋ ይነግርሃል። የእኔ ሰፈር ውኃ ጠንካራነቱ 35 የፈረንሳይ ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ በሊትር 10 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ነው። ውስጡ ሲታይ ካልሲየም 120፣ ማግኒዥየም 12፣ ሰልፌት 60፣ ባይካርቦኔት 330 ሚሊግራም በሊትር አለው። ባይካርቦኔቱ ወደ አልካላይነት ሲለወጥ 270 ይሆናል። በኮልባህ ስሌት የሚተርፈው 177 ነው። ነጣ ላለ ቢራ ከ50 በታች እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ወዳጆቼ ውኃው እንዳለ አይሆንም ማለታቸው ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ማዕድኑን በሙሉ መጣል አይደለም።

ውኃውን ዋዜማውን በትልቅ ድስት 15 ደቂቃ ያህል አንተከትከዋለሁ። ባይካርቦኔቱ ይፈርሳል፤ ከካልሲየሙ ከፊሉ ጋር ተያይዞ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ሲቀዘቅዝ አተላውን ሳልነካ ከላይ እቀዳለሁ። በዚህ አልካላይነቱ ወደ 100 ሲወርድ ካልሲየሙ ወደ 50 ግድም ይወርዳል። ከዚያ ለ20 ሊትር 4 ግራም ለምግብ የሚሆን ጀሶ እጨምራለሁ፤ የግድግዳውን ጀሶ ማንም እንዳይነካ። ካልሲየሙ ተመልሶ ወደ 100፣ ሰልፌቱ ወደ 170 ይወጣል፣ የኮልባህ ቁጥርም 20 ገደማ ላይ ያርፋል። ሰልፌቱ የሆፑን ምሬት ጥርት አድርጎ የቢራውን ድርቀት ያጎላል። ካልሲየሙ እርሾው በመጨረሻ እንዲረጋና ቢራው እንዲጠራ ይረዳል። ይህ ውኃ አሁንም ጠንካራ ነው፤ የተለወጠው የጠንካራነቱ ዓይነት ነው።

ማፍላት የሰለቸው ሰው በላክቲክ አሲድ ያንኑ ማድረግ ይችላል። ለዚህ ውኃ፣ ለ20 ሊትር፣ 88 በመቶ ከሆነው ወደ 6 ሚሊሊትር ይበቃል። ያ መጠን ግን አሲዱ ምላስ ላይ መታወቅ ወደሚጀምርበት ድንበር እየተጠጋ ነው፤ እኔ ማፍላቱን የምመርጠው ለዚህ ነው። ማፍላት ተራውን ክሎሪንም ያባርራል። ክሎራሚን ከሆነ ግን ስለማይሄድ ትንሽ ሜታባይሰልፋይት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ቢራው የሆስፒታል ሽታ ያመጣል።

«ሴዞን ማለት እርሾው ነው፣ ውኃው ምን አገባው» የሚሉኝ አሉ። በእርሾው እስማማለሁ። እስከ 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሙቀት የሚወደው የዱፖን ዓይነት እርሾ ባይኖር ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚለው ሽታ ከየትም አይመጣም። እርሾው ግን የሚበላው ድፍድፉ ያዘጋጀለትን ስኳር ነው። መሃል መንገድ ላይ ሥራ የማቆም ልማድ ላለበት እርሾ፣ በደንብ ያልተከፋፈለ ስኳር ማቅረብ ችግር በገዛ እጅ መጥራት ነው።

አጥብቄ የምቃወመው የቤት ውኃ ማለስለሻውን ነው። ቤልጂየም ውስጥ ብዙ ቤት ያስገባዋል፤ ለልብስ ማጠቢያውና ለቧንቧው ጥሩ ነው። ለቢራ ግን ከሁሉ የከፋው ውኃ እሱ ነው። ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል፤ በ35 የፈረንሳይ ዲግሪ ውኃ ላይ ወደ 160 ሚሊግራም ሶዲየም በሊትር ይሆናል። ባይካርቦኔቱ እንዳለ ይቀራል። ወዳጁን አባርሮ ጠላቱን ያስቀረ ውኃ ነው፤ ሲጠጡት ግን ምላስ ላይ ለስለስ ስለሚል ሰው «ጥሩ ውኃ» ብሎ ይጠምቅበታል። ማለስለሻ ያለው ቤት ከመሣሪያው በፊት ካለው ቧንቧ ይቅዳ፤ አትክልት የሚጠጣበት ቧንቧ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

የውኃ ድርጅቶች በሚያወጡት ወረቀት ላይ የጠንካራነቱ ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ባይካርቦኔቱ ወደ ታች መሸሸጉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አለመጻፉ ሊስተካከል ይገባዋል። የቢራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም ከሴዞን ብቅል ጋር በሚያያይዙት መመሪያ ላይ «ልስልስ ውኃ ተጠቀሙ» የሚለውን አንስተው ስንት አልካላይነት እንደሚበቃ ቢጽፉ ደንበኛቸውን ከብዙ ወጪ ያድኑታል። እስከዚያው፣ የባይካርቦኔቱን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ያጣ ሰው የዓሣ ማሳደጊያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ኬኤች (የካርቦኔት ጠንካራነት) የሚለካውን ጠብታ ይግዛ፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ የቆጠረውን የጀርመን ዲግሪ በ17.8 ያባዛው፤ አልካላይነቱን ያገኛል። ከ100 በታች ከመጣለት ጀሶውን ብቻ ጨምሮ ይጥመቅ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ድስቱን ዋዜማውን ይጣደው።