ሕፃን ይዞ ሰላት ቤት መግባት ነውር ነው?

ሰሞኑን ገዳሪፍ ላይ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ሰላት ሊበላ ሲገባ፣ አብረውት የነበሩት «እሳት ዳር ሕፃን ይዞ የሚመጣ ምን ዓይነት አባት ነው?» ብለው ወረዱበት። እኔ ከአባትየው ጋር ነኝ።

ሰላት ለማታውቁት፦ ድንጋይ እሳት ላይ ሆኖ በደንብ እስኪግል ይጠበቃል፤ ከዚያ የበግ ሥጋ ይዘረጋበታል። ምስራቅ ሱዳን በዚህ ይታወቃል፤ ከሰላማ ስሙ የገነነ ነው። ጃፓኖችም ቴፓንያኪ የሚሉት የዚህ ዘመድ አላቸው። ድንጋዩ በብረት ምጣድ ተተክቶ፣ ወጥ ሠሪው እንግዳው ፊት ይጠብሳል። በ1945 እ.ኤ.አ. ኮቤ ውስጥ ሚሶኖ የተባለ ምግብ ቤት ጀመረው ይባላል። በ1964 ኒው ዮርክ የተከፈተው ቤኒሃና ደግሞ ቢላዋ እያሽከረከረ እንግዳ የሚያስቅበት ቤት ሆነ። እዚያ ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚሄደው ሆን ብሎ ነው። የእኛ ሰው ሲያደርገው ለምን ይነወራል?

ደግሞስ ቤታችን ምን እናደርጋለን? ቡና ሲፈላ ከሰሉ መሬት ላይ፣ ጀበናው ከነእንፋሎቱ፣ ሕፃኑ እዚያው ይድሃል። ያንን ሳናይ ሰላት ቤት ስንደርስ ብቻ ተቆርቋሪ እንሆናለን።

ሳምንት ሙሉ ድንበር ለድንበር የሚንከራተት አባት ልጁ የሚያውቀው ሻንጣ ይዞ ሲወጣና ሲገባ ነው። አንድ ቀን ከሰሊጡም ከሚዛኑም ተላቆ፣ ከአረቡ ወዳጁ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ልጁ ይየው። «አትፈደል» ሲባል እጁን ታጥቦ መቀመጥን ይልመድ። ይህን ማንም ትምህርት ቤት አያስተምረውም።

ግን አያያዝ አለው። ልጅ ከሰሉን ይፈራል፣ ቀይ ነውና። ድንጋዩ ግን ጠቁሮ እንኳ ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፤ አደጋው እዚያ ነው። ስለዚህ ልጁን ከግድግዳው በኩል አስቀምጡት፣ ሥጋ የሚያመላልሰው ሰው ከሚያልፍበት መተላለፊያ አርቁት። ሥጋውን በትንንሹ ቆርጣችሁ ስጡት፣ እያኘከ አይሩጥ። ክፉ ቀን ሆኖ ቢቃጠል ቅቤና የጥርስ ሳሙና ፍለጋ አትሂዱ፤ የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውኃ ሃያ ደቂቃ ያህል እያፈሰሳችሁ አብርዱትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። የእጅ መታጠቢያው ውኃ እኮ ደጃፉ ላይ አለ።

እኔ የምቃወመው አንድ ነገር ነው፦ ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ልጅን ወንበር ላይ እያንቀላፋ ማቆየት። አመሻሽ ላይ ብሉና ግቡ።

ሸጣውንም ከልጁ ፊት አንሡት። እስካሁን ሰላት ቤት ያየሁት የሕፃን ልቅሶ ሁሉ ከእሳቱ ሳይሆን ከእሱ የመጣ ነው።