ሻይ ስለሚጠጡት ልጃገረዶች

እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ኬዮን!» የተሰኘ ተከታታይ የካርቱን ፊልም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን የሙዚቃ ባንድ ይተርካል። ልጃገረዶቹ ከልምምድ ይልቅ ሻይና ኬክ ስለሚያበዙ፣ ታሪክ የለውም፣ ትግል የለውም ተብሎ ተወረፈ። ለመሆኑ ትግል በጩኸት ብቻ ይለካል ያለው ማን ነው? ዳይሬክተሯ ናኦኮ ያማዳ ጓደኝነት የሚጠነክረው በእንዲህ ያለው ሰዓት መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ።

አድናቂው የነጋዴ መጫወቻ ነው የሚሉም አልጠፉም። በ2010 ሁለት የፊልሙ ዘፈኖች በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ 1ኛና 2ኛ ወጥተዋልና ሐሜቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን በሺጋ ክፍለ ሀገር፣ በቶዮሳቶ፣ ለፊልሙ ትምህርት ቤት አርአያ የሆነውን በ1937 የተሠራ አሮጌ ሕንፃ ሊያዩ የጎረፉት ወጣቶች ምን ሊሸምቱ መጡ? በሙዚቃው ክፍል፣ ስኒ በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።