የትኛውን መዝገበ ቃላት እንግለጥ?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዓይኑን የታመመ ሰው ጥርስ ነቃይ ዘንድ አይሄድም። ቃል ሲቸግረን ግን ብዙዎቻችን የቃሉን ሙያ ሳንጠይቅ በእጃችን የተገኘውን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ ፍቺው አልገጥም ሲለንም መጽሐፉን እንወቅሳለን።

«ይርጋ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በሰፈር ብትጠይቁ የሰው ስም ነው፥ ወይም ከመርጋት የመጣ ነው ይሏችኋል፤ ሁለቱም እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይርጋ መብት የሚጠየቅበት ጊዜ ወሰን ነው፤ ከውል የመነጨ መብት ሕግ ሌላ ካላዘዘ በቀር በ10 ዓመት ይታገዳል። እንግዲህ «በይርጋ ታግዷል» የሚለውን ውሳኔ «ነገሩ እስኪረጋ ይቆይ ማለት ነው» ብሎ ለባለጉዳይ የሚያስረዳ ጸሐፊ፥ ምስኪኑን የይግባኝ ቀኑን ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ዓይነታቸውን እንለይ። አንደኛው የሙያ መዝገበ ቃላት ነው፤ የሕግ፥ የሕክምና፥ የምሕንድስና እየተባለ ይከፈላል። ሄንሪ ካምቤል ብላክ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ያሳተመው የሕግ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ እየታደሰ ይወጣል። በአገራችንም የእንግሊዝኛን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት በአማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ታትሟል።

ሁለተኛው የቃልን ዘር የሚቆጥር ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት የግዕዝን ቃል ከሌሎች ሴማውያን ቋንቋዎች ጋር ያስተያያል።

ሦስተኛው ከሐሳብ ወደ ቃል የሚወስድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1852 ባወጡት መጽሐፍ ቃላትን የሰበሰቡት በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቀድሞ ሊቃውንትም በሰዋስው መጻሕፍት የግዕዝን ቃላት በየወገናቸው እየደረደሩ በአማርኛ ይፈቱ ነበር።

የትኛውንም ስትይዙ አስቀድማችሁ መቅድሙን አንብቡ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ ስለ ተደረደረ፥ በሀለሐመ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ያጣና «የለም» ብሎ ይዘጋዋል። የታተመበትንም ዓመት ተመልከቱ፤ ሕግ ይሻሻላል፥ ሕክምናም ይራመዳልና።

ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ እንደ ሆነ ጠቅላላውን ግዙ፤ የሙያውን ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ተመልከቱ። ከመግለጣችሁ በፊት ግን «የምፈልገው የቃሉን ፍቺ ነው፥ ዘሩን ነው፥ ወይስ በዚህ ሙያ ያለውን ሥራ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን የለየ ሰው ግማሹን መልስ አግኝቷል።