ነገርን በተራው ስለ መጻፍ

ጽሕፈት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ሁለተኛው የልብ ጽሕፈት ነው። የእጅ ጽሕፈት ፊደልን አሳምሮ መጻፍ ነው፤ የልብ ጽሕፈት ግን ዓይን ያየውን ጆሮም የሰማውን፥ ሌላ ሰው እንዲያውቀው አድርጎ በተራው ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን የሚያውቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህም የተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ከሰሌዳ መገልበጥን ብቻ ስለ ተማሩ ነው።

አንድ ተማሪ ከአባቱ ጋራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በተመለሰ ጊዜ፥ መምህሩ «መንገድህን ጽፈህ አምጣ» አለው። ልጁም እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ኮምቦልቻ መልካም አገር ናት። መንገዱ ያምራል። እጅግ ደስ አለኝ።» ፊደሉ ያማረ ነበረ፤ ስሕተትም አልነበረበትም። ነገር ግን ያነበበው ሰው አስቀድሞ ከሚያውቀው በላይ አንዳች ነገር አላገኘበትም።

መምህሩ አልተቈጣም፤ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይጠይቀው ጀመር። «ከቤት የወጣችሁት መቼ ነው? አስቀድሞ ያየኸው ምንድር ነው? ከዚያስ ወዲያ ምን ሆነ? በመጨረሻስ?» ልጁም እየመለሰ ሁለተኛ ጻፈ፤ «ማለዳ ከአባቴ ጋራ ከደሴ ተነሣን። በጦሳ ተራራ ላይ ጉም ነበረ፤ እኔም በብርድ ተንቀጠቀጥሁ። ዶሮ መዝለያ ስንደርስ የቦርከና ወንዝ በገደሉ መካከል ሲጮኽ ሰማሁ። በኋላም በሐረጎ በኩል ቍልቍለቱን ስንወርድ ፀሐይ በረታች፤ ጋቢዬንም አውልቄ ለአባቴ ሰጠሁት። በመጨረሻም ኮምቦልቻ በገባን ጊዜ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ያህል ናት። ልጁ ይህን ቍጥር አልጻፈም፤ ሆኖም ያነበበው ሰው ሁሉ አንደኛይቱ ብርዳም፥ ሁለተኛይቱ ሞቃት መሆኗን ከጋቢው ዐወቀ።

አንቀጽ ማለት በግዕዝ በር ማለት ነው። በአንድ በር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ልግባ ቢሉ ይጋፋሉ፤ አንድ በአንድ ቢሆኑ ግን ሁሉም ይገባሉ። ነገርም በአንቀጽ ውስጥ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሆነው መጀመሪያ ይግባ፤ ቀጥሎ የሆነው ይከተለው፤ የመጨረሻውም በሩን ይዝጋ። ከጕዳዩ ያልሆነው ነገር በውጭ ይቅር።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ሕፃን ምን የሚጻፍ ነገር አለው? የታላላቆችን ቃል ይገልብጥ» ይላሉ። መገልበጥ እጅን ያቀናል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሲገለብጥ ብቻ ያደገ ልጅ፥ የራሱን ነገር መናገር በሚያስፈልገው ቀን ቃል ያጣል። ያም ቀን የሚመጣው ሳይነገር ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያን ጊዜ በከተማው ነበሩ። ቦምቡ ሐኪም ቤቱን እንኳ አልማረውም። በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም ዝም አላሉም፤ የመቃወሚያ ቃል ጽፈው በዚያን ጊዜ በጄኔቭ ወደ ነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ላኩ። ያን ቀን የተጮኸው ጩኸት ከነፋስ ጋራ ሄዷል፤ የተጻፈው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያው ቀን በየቤቱ የነበሩ ስንት እናቶችና ልጆች ያዩት ነገር ግን ጸሓፊ አጥቶ ከእነርሱ ጋራ ተቀበረ!

እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፍ ሰው ያየውን «አየሁ»፥ የሰማውን «ሰማሁ» ይበል። አንድ ቤት ፈርሶ ሳለ «ዐሥር ፈረሰ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ የፈረሰው አንዱ ቤት እንኳ አይታመንለትም። ስለዚህ ትክክለኛ ጽሕፈት የእጅ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛነትም ትምህርት ነው።

እንግዲህ መምህር በየሳምንቱ አንድ ቀን ሰሌዳውን ባዶ ትቶ፥ ተማሪዎቹን «ትናንት ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪም ውኃ ሲቀዳ፥ ከብት ሲጠብቅ ወይም ገበያ ሲላክ ያየውን በተራው ይጻፍ። ትንሹን ነገር በእውነት መጻፍ የለመደ፥ ትልቁ ነገር በደረሰ ጊዜ ምስክር ለመሆን ይበቃል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።