የማያያዣው ነገር እንዳይናቅ

የድንጋይ ግንብ የሚጸናው በድንጋዩ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋራ በሚያያይዘው ኖራ ጭምር ነው እንጂ። ብረት የሚቈርጠውና አለት የሚሰረስረው መሣሪያም ነገሩ እንዲሁ ነው። ይህ መሣሪያ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ዱቄት ይሠራል፤ ዱቄቱ ግን ብቻውን ሲሆን ተሰባሪ ስለ ሆነ፤ ኮባልት የሚባለው ማዕድን በእሳት ቀልጦ ቅንጣቶቹን ያያይዛቸዋል። ይህንንም ጥበብ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ካርል ሽሮተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አስገኘው።

እነሆ መቶ ዓመት አለፈ፤ ኮባልትም ከስፍራው አልተነሣም። ነገር ግን ሁለት አሳሳቢ ነገሮች አሉ። አንደኛው፤ በዓለም ከሚቈፈረው ኮባልት ከእኩሌታው የሚበልጠው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ብቻ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ ይህችም አገር በ2025 ኮባልት ወደ ውጭ እንዳይላክ ባገደች ጊዜ ዋጋው ከፍ አለ። ሁለተኛውና የሚከብደው የሠራተኛው ጤና ነው። የዚህን ድብልቅ ትቢያ ዘወትር የሚተነፍስ ሰው በሳንባ ደዌ ሊያዝ ይችላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ፤ ድብልቁ በሰው ላይ ነቀርሳ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ነገሮች ቈጥሮታል።

ስለዚህ ሊቃውንት በኮባልት ፈንታ ተራውን ብረት፤ ኒኬልን፤ ወይም የብረትና የአሉሚኒየምን ውሕድ ይሞክራሉ። የእሳቱንም ሥርዓት ለውጠዋል። በቀድሞው ምድጃ ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ ጥቃቅኑ ቅንጣት እርስ በርሱ እየተዋሐደ ያድጋል፤ ቅንጣቱም ሲያድግ ጥንካሬው ይቀንሳል። በአዲሱ ሥርዓት ግን ዱቄቱ በግራፋይት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቀቅበታል፤ በጥቂት ደቂቃም ይጸናል፤ ቅንጣቱም ለማደግ ጊዜ አያገኝም።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ በትንሽ ናሙና የታየ ሁሉ በፋብሪካ ተፈጸመ ማለት አይደለም። በጣም የጠነከረ ነገር በቶሎ ይሰነጠቃል፤ በብረት የተያያዘውም የካርቦኑ ልክ ጥቂት ቢዛባ ተሰባሪ ይሆናል፤ የኒኬልም ትቢያ ለሳንባ መልካም አይደለም።

እንግዲህ አዲሱ ማያያዣ የሚመዘነው በመቍረጡና ባለመሰበሩ ብቻ ሳይሆን፤ በሚሠራው ሰው እስትንፋስ ጭምር ሊሆን ይገባል። እስኪገኝም ድረስ በፋብሪካ ትቢያውን የሚስብ መሣሪያ ማቆምና የሠራተኛውን ሳንባ ማስመርመር ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ምትክ ይገኛል የሚል ተስፋ ዛሬ ለሚታመመው ሰው መድኃኒት አይሆነውምና፤ ሹማምንትም የፋብሪካ ባለቤቶችም ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት የተገባ ነው።